ሲግሪና የጉድጓዱ ገመድ

ሲግሪን መጀመሪያ ያየኋት ከጀርባዋ ነው። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት አብዝቼ ያየሁት ጀርባዋን ነው፤ ፊቷ ሁልጊዜ ወደ ጉድጓድ ነበርና። ባሏ ኦስሙንድ ከታች ይቆፍራል፤ እሷ ከላይ መዘውሩን እያዞረች አፈሩን በባልዲ ታወጣለች። ሰው ሰላም ሲላት አትዞርም። አንድ ጣቷን ከእጀታው ላይ ቀና ታደርጋለች፤ ሰላምታዋ ይኸው ነው። አዲስ የመጡ ሴቶች ኩሩ ይሏት ነበር። እኔም ብዬአታለሁ። ነገሩ የገባኝ ኋላ ነው። ከባልዲው አፍ አንዲት ጠጠር ብታመልጥ የምታርፈው ኦስሙንድ አናት ላይ ነው፤ እሷ ደግሞ ያን አናት በሰላምታ አትለውጠውም።

ቀጭን ነበረች፤ ትከሻዋ እንደ ልጃገረድ ጠባብ። እጆቿ ግን ከሌላ ሰው የተዋሰቻቸው ይመስሉ ነበር፤ ሰፋፊ፣ መዳፋቸው እንደ ጫማ ቆዳ የደረቀ። ከኖርዌይ የመጣነው በአንድ ዓመት ነው፣ በተለያየ መርከብ። እነሱ አንድ ወንድ ልጅ ይዘው ተነሥተው ነበር፤ ባሕር ላይ ቀረ። ይህን የነገረኝ ኦስሙንድ ነው፤ እሱም አንዴ ብቻ። እሷ አንሥታውም አታውቅ።

የአሜሪካዋ ዳኮታ ያኔ ገና በቅጡ ያልተቋቋመ አገር ነበር። መሬቱን መንግሥት በነጻ ይሰጣል፤ አምስት ዓመት ከኖርክበትና ካረስከው ያንተ ነው። ሣሩ እስከ ሰማይ ጥግ ይሄዳል። ቤታችንን የሠራነው ከዚያው ከመሬቱ ነው፤ ሣሩን ከነሥሩ እንደ ጡብ እየቆረስን። ውሃ ግን አልነበረንም። ባሌ ኤንድሬ በየሁለት ቀኑ በሬዎቹን ጠምዶ ከጅረቱ በበርሜል ያመጣል፤ ሄዶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። በረዶ ሲወርድ ደግሞ መንገዱ ይዘጋል። ባለፈው የብርድ ወራት በረዶ እያቀለጥን ጠጥተን አንዲት ላም ሞተችብን። ሌላ እንደዚያ ያለ ብርድ ከመጣ መሬቱን ጥለን ከመሄድ በቀር ምርጫ አልነበረንም። ስለዚህ በሦስተኛው ዓመት፣ ስንዴው እንደገባ፣ ኦስሙንድና ሲግሪ መጡልን።

ጉድጓድ ሲቆፈር ግድግዳው እንዳይናድ በሳንቃ ይደገፋል። ሳንቃ ደግሞ በእኛ አገር ከሥጋ ይልቅ ብርቅ ነበር። ዛፍ የሚባል የለም። ከባቡር ጣቢያው በበሬ ሁለት ቀን ተሂዶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የእኛ ሰዎች ጉድጓድ ውስጥ ሳንቃ ትተው አይሄዱም። ውሃው ሲገኝ ግድግዳው ከታች ጀምሮ በድንጋይ ይገነባል፤ ድንጋዩ ከፍ ባለ ቁጥር ሳንቃው እየተነቀለ ይወጣል። ያው ሳንቃ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ይዞራል። ሲያረጅ አልጋ ይሆናል፤ አልጋው ሲያረጅ የዶሮ ቤት።

በየጠዋቱ ኦስሙንድ ከመውረዱ በፊት የበራ ሻማ በባልዲ ይወርዳል። ሻማው ከጠፋ ታች ያለው አየር ክፉ ነው፤ ሰው አይገባበትም። ካልጠፋ ኦስሙንድ ገመዱን ብብቱ ሥር አዙሮ ያስርና ይወርዳል። አንድ ቀን አጠገቧ ቆሜ፣

"ለምንድነው የማትጣሩት?" አልኳት።

"ከሠላሳ ክንድ በታች ድምፅ ጩኸት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በገመዱ ነው የምናወራው። አንዴ ከጎተተ ቁሚ ነው። ሁለቴ ሳቢ፣ ሦስቴ ልቀቂ።"

"ስትጣሉስ?"

"ያኔማ አንዴ ነው" አለችና ሳቀች። ሳቋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን አርባ ክንድ ላይ ውሃ ተገኘ። ኦስሙንድ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ወጣ፤ እኔም ለዚያ ቀን ያቆየሁትን ቅባት አፍስሼ የወተት ገንፎ ሠራሁ። የቀረው ድንጋዩ ነበር። ኤንድሬና ጎረቤታችን ሃልቮር ከጅረቱ ዳር በጋሪ ያመላልሱ ጀመር። ሃልቮር የቀበሌያችን ጉልበተኛ ነው፤ በሬ ሲነክሰው በሬውን መልሶ የነከሰ ሰው ይሉታል። እሱም ቢሆን ድንጋዩን ቶሎ ማድረስ አልቻለም። ግንቡ አምስት ክንድ ላይ ደርሶ ቆመ።

ስሕተቱ እዚህ ነው፤ የእኔ ነው፤ ለዚህ ነው ታሪኩን የማውቀው።

ልጄ ጉሮ ያኔ የዘጠኝ ወር ነበረች፤ መዳህ ጀምራለች። ወለላችን አፈር ነው። ጠዋት ጠዋት ይረጥባል፣ እሷም በሆዷ ትሄድበታለች። ደረቷ ያፏጭ ነበር። ራት ላይ፣ ሲግሪ ባልዲዎቹን ልታጥብ ወጥታ ሳለ፣ ኦስሙንድን፣

"መሃል ላይ ያለው ሸክላ እንደ ብረት ነው ስትል ሰምቻለሁ" አልኩት።

"ነው። ዶማዬን ሁለቴ አጥፎብኛል።"

"እንግዲያ እዚያ ያለው ሳንቃ ምን ይሠራል? በረዶው ሳይመጣ ከአልጋው እስከ ምድጃው ወለል ላድርገው። ልጅቷ ስትስል ነው የምታድረው።"

"ቶራ፣ ድንጋዩ እኮ ገና ነው" አለ ኤንድሬ።

ኦስሙንድ ጉሮን አያት። አፍንጫዋ ላይ ጭቃ ነበር። "ሰባት ሳንቃ ጉድጓዱን አያጎድለውም" አለ። "ነገ አወጣልሻለሁ።"

በማግሥቱ ጠዋት ሻማው ወረደ፤ አልጠፋም። ኦስሙንድ ሃያ አራት ክንድ ላይ ወረደና እዚያ በአግድም የተጋደመ ወፍራም እንጨት ላይ ቆመ። ሲግሪ መዘውሩ ላይ ነች። እኔ ጉሮን አቅፌ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። የመጀመሪያው ሳንቃ በገመድ ታስሮ ወጣ፤ ርጥብ ነበር፣ የጥድ ሽታ ይሸታል። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ቤቱ ግድግዳ ሥር እየደረደርኩ ስፋቱን በስንዝር እለካ ጀመር። አምስተኛው ወጣ።

ስድስተኛው ሳይወጣ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጎተራ ተከፍቶ እህል ሲፈስ የሚሰማው ዓይነት ነው፤ ሽ... ብሎ የሚቀጥል። ኋላ እንዳየነው ከሸክላው ጀርባ አሸዋ ነበር፤ ጥርት ያለ ደረቅ አሸዋ፣ ስንት ዘመን ታምቆ የኖረ። ሸክላው ቀጭን ቆዳ ነበር። ሳንቃው ሲነሣ ቆዳው ተቀደደ። ከበላይ ያሉት ሳንቃዎችም መቆሚያ አጥተው እየተንሸራተቱ ወረዱና ወፍራሙ እንጨት ላይ ተጠላልፈው ጉድጓዱን ወተፉት።

ስሮጥ ሲግሪ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም። ገመዱን በሁለት እጇ ይዛለች። ጉድጓዱን ቁልቁል አየሁ። ሃያ ክንድ ላይ አሸዋ ነው። ከአሸዋው ውስጥ የሁለት ሳንቃ ጫፍ ተመሳቅሎ ቀና ብሏል፤ በመሃላቸው ገመዱ ይገባል። ኦስሙንድ የለም።

"ኦስሙንድ!" ብዬ ጮኽኩ።

"ዝም በይ" አለችኝ፤ ቁጣ አልነበረበትም። ዓይኗን ጨፍና ነበር። ከዚያ ገመዱን ቀስ ብላ አንዴ ጎተተች። ጠበቀች። እጆቿን እያየሁ ነበርና እኔም አየሁት፤ ገመዱ ወደ ታች አንዴ ነዘር አለ።

"በሕይወት አለ" አለች። "ቁሙ እያለ ነው። ኤንድሬን ጥሪልኝ።"

ኤንድሬና ሃልቮር ድንጋይ ጭነው እየመጡ ነበር። ሃልቮር ጉድጓዱን አየና ወዲያው ቀንበሩን መፍታት ጀመረ።

"በሬዎቹን ገመዱ ላይ እንጠምዳለን" አለ። "ሁለቱ አንዴ ብቻ ከሳቡ ይወጣል።"

"ይወጣል" አለች ሲግሪ። "ግማሹ።"

"እስኪታፈን ልንጠብቅ ነው እንዴ ታዲያ?"

"ሳንቃዎቹ ራሱ ላይ ተጋጥመው እንደ ጣራ ይዘውታል። ባይሆን ኖሮ መልሶ ባልጎተተ። ገመዱን ከሳብከው ጣራው ይወርዳል። ቁሙ ብሏል። እሱ ቁሚ ሲለኝ እቆማለሁ፤ ከኖርዌይ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ነው።"

"ሲግሪ፣ አንቺ እኮ ሴት ነሽ፤ ገመድ ማዞር ሌላ፣ ይሄ ሌላ።"

"ሃልቮር፣ በሬህን አንድ እርምጃ ብታስጠጋ በዚህ መጥረቢያ እግሩን እለዋለሁ። ከዚያ አንተው ትነክሰዋለህ።"

ሃልቮር ቀንበሩን መሬት ላይ አስቀመጠ።

የሚያስፈልገውን ነገረችን። አዲስ ሳንቃ፣ ብዙ፣ ከሰው ቁመት የማይበልጥ። ከአሮጌው ግድግዳ ውስጥ ሌላ ጠባብ ግድግዳ እየተተከለ፣ ሳንቃው በመዶሻ ወደ አሸዋው እየተሰደደ፣ አሸዋው ከውስጥ እየተዛቀ እስከ ኦስሙንድ መድረስ አለበት። አራት ክንድ። እኛ ያለን አምስቱ ሳንቃ ብቻ ነው። ባቡር ጣቢያው ሁለት ቀን ነው።

ኤንድሬ ጎረቤቶቹን ሊጠራ ፈረሱን ያለ ኮርቻ ወጣበት።

ፀሐይዋ አናት ሳትደርስ ጋሪዎች ከየአቅጣጫው በሣሩ ላይ ታዩ። ሰዉ ቤቱን አፍርሶ መጣ። በር ነቅሎ ያመጣ አለ። የምግብ ገበታውን እግሩን ቆርጦ ያመጣ አለ። የጋሪ ጎን፣ የአልጋ ራስጌ፣ የእህል ሳጥን። ከሁሉ ዘግይቶ የመጣው ሽማግሌው ክኑት ነው፤ አያ ክኑት ነው የምንለው። ብቻውን የሚኖር፣ ሰባ ያለፈው። ስድስት ሰፋፊ ሳንቃ አምጥቶ አወረደ። ለራሱ የሬሳ ሣጥን ብሎ ሰባት ዓመት አልጋው ሥር ያኖራቸው ናቸው። ቀበሌው ሁሉ ያውቃል፤ ለገና ልንጠይቀው ስንሄድ አውጥቶ ያሳየን ነበር።

"አያ፣ እንዲያው ነገ ብትሞቱስ?" አለው ሃልቮር።

"በጆንያ ጠቅልለህ ትቀብረኛለህ። ዘንድሮ ካልሞትኩ ግን ያንተን አልጋ ነው ፈልጬ የምሠራው። በል ያዝ፣ ወገቤ ሳይቆረጥ።"

መጀመሪያ ኤንድሬ ወረደ፤ ሃልቮርማ ትከሻው አያስገባውም። ሁለተኛ መዘውር አቁመን፣ በሁለተኛ ገመድ። ኤንድሬ ጎበዝ አራሽ ነው፤ ሳንቃ ግን በአሸዋ ውስጥ ተክሎ አያውቅም። አንዱን አጋድሎ ሰደደው። በጎኑ አሸዋው ፈሰሰ። ሲግሪ እጅ ውስጥ ያለው ገመድ አንዴ በኃይል ተወጠረ።

"አውጡት!" አለች። "ኤንድሬን አውጡት፤ ኦስሙንድ ላይ እየጨመረበት ነው።"

ኤንድሬ ወጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ሁሉም ጉድጓዱን ከቦ ቆመ። ሳንቃው አለ፤ ሳንቃውን መትከል የሚያውቀው ሰው ግን ከአሸዋው ሥር ነው። ሲግሪ አሥራ አንድ ዓመት ከላይ ሆና እያንዳንዱን ሳንቃ ስትልክለት፣ እንዴት እንደሚያቆመው፣ የት እንደሚመታው ስታይ ኖራለች። ሻሿን ከራሷ ፈታች።

"እኔ ነኝ የምወርደው።"

በእኛ ሰዎች ዘንድ ሴት ጉድጓድ አትወርድም። ሴት ከወረደች ውሃው ይሸሻል ይባላል። ማንም አፍ አውጥቶ ሊናገረው አልፈለገም፤ ሁሉም ግን እኔን አየ፤ ውሃው የእኔ ነውና። አያ ክኑት ጉሮሮውን ጠረገ።

"ልጄ፣ ውሃው እኮ..."

"ይሽሽ" አለች ሲግሪ። "ውሃ ልፈልግ አይደለም የምወርደው።"

ከዚያ የኦስሙንድን ገመድ ይዛ ወደ እኔ ዞረች። ዞረች ነው የምለው፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ፊቷን በደንብ ያየሁት ያኔ ነው።

"አንቺ ያዥው።"

"እኔ? ሲግሪ፣ እኔ እኮ ነኝ..."

"ያንቺ እጅ ልጅ ከእንቅልፏ ስትነቃ ሳታይ ያውቃል። የምፈልገው እሱን ነው። ስጠይቅሽ አንዴ ቀስ ብለሽ ጎትቺና የሚልሽን ንገሪኝ። የምትመኚውን አይደለም። የሚልሽን።"

ጉሮን ለአያ ክኑት ሰጠሁት። ሕፃን ይዞ የማያውቅ ሰው ነው፤ እንደ ማገዶ በሁለት ክንዱ ላይ አጋደማት። ገመዱን ያዝኩ። ከእሷ እጅ የሞቀ ነበር።

ሲግሪን አወረዷት። ከዚያ የመዶሻ ድምፅ፤ ሦስት ምት፣ ዕረፍት፣ ሦስት ምት። አሸዋው በባልዲ ይወጣል፣ ሳንቃው በገመድ ይወርዳል። የጎረቤታችን በር ወረደ፣ ማጠፊያው እንዳለ። የእኔ የምግብ ገበታ ወረደ። የአያ ክኑት ሳንቃዎች ወረዱ።

"ቶራ!" ትላለች ከታች።

እጎትታለሁ። ይነዝራል። "አንዴ!" እላለሁ።

ደግሞ መዶሻው።

እንዲህ ብዙ ቆየን። ወንዶቹ ላብ በላብ ሆኑ። ሁለት ክንድ ወርዳለች፤ ሁለት ቀርቷታል። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላለች። የገመዱ መልስ እየዘገየ እንደሄደ ተሰማኝ። መጀመሪያ እንደጎተትኩ ይመልስ ነበር፤ ኋላ እስከ አምስት ቆጥሬ፣ ኋላ እስከ አሥር። ይህን ለማንም አላልኩም። ምናልባት እጄ ደንዝዞ ይሆናል አልኩ።

"ቶራ!"

ጎተትኩ። እስከ አሥር ቆጠርኩ። እስከ ሃያ። ደግሜ ጎተትኩ። ገመዱ ዝም ብሎ ከባድ ነበር፤ እንጨት ላይ እንደታሰረ።

ኤንድሬ ፊቴን አይቶ ገባው። ወደ ጆሮዬ ቀረበ።

"አትንገሪያት" አለኝ። "ከነገርሻት እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ሳንቃውን ትስተዋለች። ሁለቱንም እናጣለን። አለ በያት። ትሥራ።"

ባሌ ክፉ ሰው አይደለም። እያዘነላት ነው ያለው። እኔም ያን ማለት ፈልጌ ነበር፤ እግዚአብሔር ያውቃል። "አንዴ" የምትለዋ ቃል አፌ ላይ ነበረች። ሳንቃውን የለመንኩት እኔ ነኝ። ቤቴ ግድግዳ ሥር አምስቱ ተደርድረው የነበሩበት ቦታ ይታየኛል፤ ሣሩ እንደተጋደመ ነው። የሰውየው ሞት ከእኔ አፍ እንዲወጣ አልፈለግኩም።

"ቶራ! ምን አለ?"

"ምንም!" ብዬ ጮኽኩ። "ምንም አላለም! ደጋግሜ ጎተትኩ፣ አይመልስም!"

መዶሻው ቆመ። ኤንድሬ ዓይኑን ከደነ። ከጉድጓዱ ምንም አልተሰማም። እስከ አሥር ቆጥሬአለሁ ብዬ መማል እችላለሁ። ከዚያ ድምፅዋ መጣ፤ የማልረሳው ድምፅ ነው፣ አልተንቀጠቀጠም።

"አየሩ ነው ያለቀበት። ሻማ እንደሚጠፋው። የምድጃሽን የጭስ ቱቦ አውርዱልኝ። ጫፉን በእንጨት ውታፍ ድፈኑት፤ አሸዋ እንዳይገባው። ቶሎ!"

ምድጃው እየነደደ ነበር። ሃልቮር ቤት ገብቶ የጋለውን ቱቦ እጁን በኮቱ ጠቅልሎ ከጣራው ነቀለው፤ ቤቱ በጭስ ተሞላ፣ እሱም እያሳለና እየተሳደበ ወጣ። ኤንድሬ ከማገዶው ላይ ሹል ውታፍ ጠርቦ ጫፉን ደፈነ። አወረዱት። ሲግሪ ቱቦውን ከገመዱ ጎን አስጠግታ በተመሳቀሉት ሳንቃዎች መሃል ወደ አሸዋው ሰደደችው። በመዶሻ አይደለም፤ በሰውነቷ ተጫነችው፣ እያወዛወዘች። ከዚያ ረጅም ዘንግ አስወርዳ በቱቦው ውስጥ አስገባችና ውታፉን ወደ ታች ገፋችው።

አፏን ቱቦው ላይ ገጥማ ነፋች። ከላይ ሆነን ጀርባዋ ሲነፋና ሲሟሽሽ እናያለን። ነፋች። ቀና ብላ ተነፈሰች። ደግማ ነፋች። ጉሮ በአያ ክኑት ክንድ ላይ ሆና ጺሙን ይዛለች።

እኔ ገመዱን ይዤ ነበር። አልጎተትኩም። እንዳልጎትት ማንም አልነገረኝም፤ ብቻ ፈራሁ።

ከዚያ ሳልጎትት ነዘረ። ደካማ ነው፤ ዓሣ ጫፉን እንደሚቀምሰው። ግን ነዘረ።

"አንዴ!" አልኩ። ጩኸቴ ማዶ ያሉትን በሬዎች አስደነበራቸው። "አንዴ አለ! ሲግሪ፣ አንዴ አለ!"

"ሰምቻለሁ" አለች ከታች። "እየሳለ ነው። ሳንቃ ላኩ።"

ሃልቮር መዘውሩ ላይ ተደግፎ አለቀሰ። አያ ክኑት፣ "ምን ትነፋረቃለህ፣ የእኔን ሣጥን ላክላት እንጂ፤ አንድ ቀርቷል" አለው።

ኦስሙንድን ያወጣነው ፀሐይ ሣሩን ስትነካ ነው። ግራ እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር፤ ፊቱ እንደ ጭቃ ሸክላ። ሣሩ ላይ ስናጋድመው ዓይኑን ገለጠና ሲግሪ ተከትላ ስትወጣ አያት።

"ማነው ሳንቃውን የተከለው?" አለ።

"እኔ።"

"ጥግ ላይ ያለው ጠሟል" አለ።

"የእኔ ሥራ አይደለም። በር ነው፤ ማጠፊያው አላስገባ ብሎ ነው።"

ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠችና እጇን ግንባሩ ላይ አደረገች። ያኔ ነው እጇ መንቀጥቀጥ የጀመረው፤ እስክትተኛ አላቆመም።

እግሩ ድኖ አልዳነም። አንካሳ ሆነ፤ ጉድጓድ መውረድ አከተመ። ጉድጓዳችንን የጨረሰችው ሲግሪ ናት። ኦስሙንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ መዘውሩን ያዞራል፣ ያጉረመርማል፣ ሲግሪ ትወርዳለች። የፈሰሰውን አሸዋ አውጥታ ወደ ውሃው ስትደርስ ሃልቮር ቆብ አውልቆ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ውሃው ሸሽቶ እንደሆነ ለማየት። የመጀመሪያዋን ባልዲ ስትልክ ለእሱ ነው የሰጠሁት። ጠጣና፣ "እንጨት እንጨት ይላል" አለ።

"ሣጥኔ ነው" አለ አያ ክኑት። "በሕይወቴ ሳለሁ ልጠጣው።"

ያን ሰሞን ነው ለሲግሪ የነገርኳት። ምሳ ልሰጣት የድንች ቂጣ ይዤላት ስሄድ ጉድጓዱ ዳር ተቀምጣ ነበር።

"ሲግሪ፣ ሳንቃውን የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ለወለሉ።"

"አውቃለሁ። ማታውን ነገረኝ።" ቂጣውን በሁለት ቆርሳ አንዱን ወደ እኔ ዘረጋችው። "‹ስጣት፣ ልጅቷ ጭቃ ላይ ትድሃለች› ያልኩት እኔ ነኝ። አሸዋውን ሁለታችንም አላየነውም።"

ሌላ አላለችም። ከዚያ በኋላም አንሥታው አታውቅም። እኔም ያን ብርድ ጉሮን ጀርባዬ ላይ አዝዬ ከረምኩ። ወለሉ አፈር እንደሆነ ቀረ። ጉሮ ግን ዳነች፤ ዛሬ የልጅ ልጆች ሰጥታኛለች። ቀጭን፣ ደረቷ ጥርት ያለ ነው። ቱቦዬን ኤንድሬ በድንጋይ አቃንቶ መልሶ ተከለው፤ ጠማማ ሆኖ ለሃያ ዓመት አጨሰ።

ሲግሪ ከዚያ ወዲያ ሃያ ሁለት ጉድጓድ ቆፈረች። ከአንዱም ሳንቃ ነቅላ አታውቅም። ሰዉ ያጉረመርም ነበር፤ ሳንቃ አፈር ውስጥ እየቀበረች አስቸገረች፣ ያለ ሳንቃ ድንጋዩ ብቻ ይበቃል ይሏታል። ከሥራው በፊት ሳንቃውን ቆጥራ ትቀበላለች፤ አይመለስም ብላ ትነግራቸዋለች። ያልተስማማ ሌላ ቆፋሪ ይፈልግ። ከጊዜ በኋላ ማንም አልተከራከራትም።

የመጨረሻው ጉድጓዷ የቀበሌው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ያለው ነው። ሃምሳ አልፏት ነበር። ኦስሙንድ በደረቱ ታሞ ተኝቶ ስለነበር አብሯት የሚቆም ጠፋ። ሃልቮር መዘውሩን ያዞራል፤ ገመዱን ግን ለእሱ አልሰጠችውም።

"ቶራ ትያዘው" አለች።

ሻማውን አወረድን፤ አልጠፋም። ወረደች። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ያዝኩላት፤ ጉልበቴ ይቆረጥማል፣ መንገደኛ ሰላም ይለኛል፣ እኔም ዞሬ አላየሁም። አንድ ጣቴን ቀና አደርግለታለሁ። ቀትር ላይ ገመዱ አንዴ ተጎተተ። ሃልቮርን "ቁም" አልኩት፤ ቆመ። እኔም ቆምኩ። ብዙ ቆየ። ሃልቮር፣ "ምን እየጠበቅን ነው?" አለ። እሷን አልኩት።

ከዚያ ሁለቴ መጣ።

"ሳብ" አልኩት።